ሠላሳ አንደኛው መስመር

«ጭነቱ የአገር ውስጥ ነው የውጭ?»

ወጣቱ ተቆጣጣሪ ይህን ሲጠይቃት መብርሂት በጭነት መኪናው ጎማ ላይ ወጥታ የሸራውን ገመድ እየሳበች ነበር። ገመዱን ሳትለቅ ዞር ብላ አየችው። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ነው። እንደ ወጉ ከየደጁ ተጠርጎ የተቃጠለው ቆሻሻ ጭሱ ከቂርቆስ እስከ ለገሃር ተዘርግቶ የባቡር ጣቢያውን ፎቅ ከወገቡ በላይ ውጦታል። ዓይኗ የሚያነባው ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር ለሚያያት ሰው አይለይም።

«ወደ አስመራ ነው» አለች።

«የት እንደሚሄድማ አውቃለሁ፣ እናቴ። ማለቴ፣ የአገር ውስጥ ከሆነ በነጩ ቅጽ ነው፤ የውጭ ከሆነ በቢጫው። የትኛውን ላውጣ?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ የለገሃር ጭነት ግቢ ስትጭን ነጭና ቢጫ የሚባል ነገር ገጥሟት አያውቅም። ልጁም ክፉ አልነበረም። አዲሱ መመሪያ እጁ ከገባ ሳምንቱ ነው፤ እሱ ራሱ ሁለቱን ቅጾች እያገላበጠ አንዴ መኪናውን፣ አንዴ እሷን ያያል። በመጨረሻ ሁለቱንም አጥፎ ኪሱ ከተተና ከንግድ ቢሮው የተጻፈ ነገር ካላመጣች መኪናው ከግቢው ንቅንቅ እንደማይል ነገራት። ተጭኖ የቆመ ዕቃ ላላቸው ሰዎች ደግሞ ቢሮው በሩን የሚከፍተው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ገመዱን ለቀቀችው። ከላይ፣ በበርበሬው ኬሻዎች መካከል፣ የልጇ የዳናይት ሰማያዊ ሻንጣ ተሸጉጧል። ከነጋ ጀምሮ ያን ሻንጣ ላለማየት ስትል ሌላውን ሁሉ ስትነካካ ነበር ያረፈደችው።

መኪናው ፊያት ኤንትሬ፣ ባለቤቱ ባሏ ገብረመስቀል ነው። ሰገነይቲ ተወልዶ በአሥራ አራት ዓመቱ ካዛንቺስ የገባ፣ ከረዳትነት ተነሥቶ የራሱን መሪ የጨበጠ ሰው ነው። መብርሂትን ያገኛት ዛላምበሳ፣ አባቷ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ለራዲያተሩ ውሃ ሊለምን ቆሞ ነው። «ውሃውን ትቶ ልጅቷን ወሰደ» ይላሉ ዘመዶቿ እስከ ዛሬ ሲቀልዱ። ጦርነቱ አልፎ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ከዚህ በርበሬና ጤፍ፣ ሽሮና ምስር ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ጫማና ሹራብ፣ ብርጭቆና ብርድ ልብስ ይዞ ይመለሳል። ገንዘቡ አንድ ነበር፤ ገበያውም አንድ። ከካዛንቺስ ጉልት ተነሥቶ አስመራ ሱቅ እስኪደርስ ድረስ አንድ ኬሻ ምስር ማንም ስሙን ሳይጠይቀው ይሄድ ነበር።

ስም ባይጠየቅም ኬሻው ከኬሻ ይለይ ነበር። በገብረመስቀል መኪና አብረው ከሚጭኑት ሠላሳ አንድ ነጋዴዎች አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከሴቶቹም አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ የየሰዉ ኬሻ የሚታወቀው አፉ በተሰፋበት ክር ነው። የመብርሂት ቀይና አረንጓዴ፣ የወይኒ ጥቁር፣ የጫማ ነጋዴው የአቶ ተስፋማርያም ነጭ ድርብ። አስመራ ላይ የሚረከበው የገብረመስቀል ወንድም ካሳይ ክሩን አይቶ «ይቺ የወይኒ ናት፣ ይቺ የመብርሂት ናት» ብሎ ይደረድራል፤ የምላሹን ዕቃ በዚያው ክር ሰፍቶ ይልካል። ወረቀት የለ፣ ዝርዝር የለ። አንድም ኬሻ ጠፍቶ አያውቅም።

በጥቅምት ማለቂያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ አወጣች። በዚህኛውም በኩል ብሩ ተለወጠ። ከዚያ መመሪያው መጣ፤ ከሁለት ሺህ ብር በላይ የሆነ ንግድ ሁሉ በባንክ በኩል፣ በዶላር፣ ኤልሲ በሚሉት ወረቀት ይሁን ተባለ። ትንንሹ ሸቀጥ ለድንበር ሰዎች ተተወ። የካዛንቺስ ሴቶች ዶላር የሚያውቁት በወሬ ነው።

ገብረመስቀል ከመኪናው ሥር በጀርባው ተንፏቆ ወጣ። ክብደቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ ሲያጠብቅ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«ምን አለሽ ልጁ?»

«ዕቃው የየት አገር ነው አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ዝም አልኩ።»

«ደግ አደረግሽ» አለና ሳቀ። «ከእኛ ይልቅ በርበሬው ቢጠየቅ ይሻላል።»

እሷ አልሳቀችም። ሦስት ሌሊት ሲነጋገሩበት ያደሩት ነገር አሁንም በመካከላቸው ቆሟል። ገብረመስቀል ያሰበው አጭርና ግልጽ ነው። በአዲሱ ሥርዓት ሻጭና ገዢ ሁለት ሰው፣ ሁለት ፈቃድ፣ ሁለት አገር መሆን አለባቸው። ካሳይ አርጅቷል፤ እሱ ሲደክም የሚተካ፣ በዚያ በኩል ፈቃድ የሚያወጣ የቤተሰብ ሰው ያስፈልጋል። ዳናይት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች። ስለዚህ በዚህ ጉዞ አብራው ትሂድ፤ አጎቷ ዘንድ ትቀመጥ፤ እዚያ ትመዝገብ።

«ገበያው ለሁለት ከተከፈለ ቤቱም መከፈሉ አይቀርም» አላት እጁን በጋዝ በተነከረ ጨርቅ እየጠረገ። «የከፈልኩት እኔ አይደለሁም።»

«ቤት በመመሪያ አይከፈልም» አለች መብርሂት። «ልጄን እንደ ኤልሲ ከባንክ ወደ ባንክ አልልክም።»

ዳናይት ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ እግሯን በመስኮቱ አውጥታለች። «እማ፣ አስመራ እኮ ነው፤ ጨረቃ ላይ አይደለም» አለች ከውስጥ። «በቃ፣ ሲደብረኝ እመለሳለሁ።»

መብርሂት የመንገድ ዳር ልጅ ናት፤ መንገድ ሲዘጋ አይታ አድጋለች። ዛላምበሳ ላይ ለዕለት ገበያ ሄዶ ኬላ ተዘግቶበት አሥር ዓመት የቀረ አጎት ነበራት። መሄድን አትፈራም፤ የምትፈራው «እመለሳለሁ»ን ነው።

ማመልከቻው እንዳለ ባሏን አስታወሰችው። ነጋዴዎቹ የጋራ ገበያው እንዲሻሻል፣ የተጫነውም ዕቃ እንደ ቀድሞው እንዲያልፍ የሚጠይቅ ወረቀት ካስጻፉ ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ሁሉም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳርፎበታል፤ ነገር ግን እኔ ላድርስ እኔ ላድርስ ሲባባሉ እስከ ዛሬ ጸሐፊው አቶ ቀለመወርቅ ቤት ተቀምጧል። ቢሮው ተቀብሎ መዝግቦ ቁጥር ከሰጠው ለተቆጣጣሪውም ይበቃል፤ ገበያው ሊጠገን ተስፋ ካለውም ልጅ ወደዚያ ማሻገር ለምን ያስፈልጋል?

ገብረመስቀል ጨርቁን አጥፎ ኮፈኑ ላይ አኖረው። ሚስቱ ሰው ፊት ቆማ ከምትናገር ድንጋይ ብትሸከም እንደሚቀላት ያውቃል።

«የተቀበሉበትን ቁጥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አምጪልኝ» አላት። «የልጅቷን ሻንጣ በእጄ አወርዳለሁ።»

ለገሃር በር ላይ ካገኘችው ውይይት ታክሲ ኋላ ተሳፈረች። ሰዉ ሁሉ አፉን በነጠላው ጫፍ ይዞ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀምጧል። የአንዲት ሴትዮ ዶሮ እግሯ ላይ ወጣችባት፤ አላወቀችውም። በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት።

አቶ ቀለመወርቅ በንግድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ጽፈው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ለመቃብሬ ስንቅ ነው እያሉ ማታ ማታ በቂርቆስ ትምህርት ቤት ጎልማሶችን ፊደል ያስተምራሉ፤ መብርሂት ሁለተኛ ዓመት ተማሪያቸው ናት። በአርባ ሁለት ዓመቷ «ሀ» ብላ ስትጀምር እርሳሱን እንደ ቢላዋ ትጨብጠው ነበር። አሁን አንቀጽ ታነባለች። ሽማግሌው ስለ ቅጽ አሞላል ሁለት ሕግ አላቸው፤ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ እስኪለው ድረስ ያስደግሙታል። ባዶ ቦታ አትተዉ፤ እናንተ የተዋችሁትን ሌላ ሰው ይሞላባችኋል። የማታውቁትንም አትጻፉ። መብርሂት እነዚህን ሁለቱን ከጸሎት ቀጥላ ይዛቸዋለች።

ስትደርስ ለሚካኤል ንግሥ ነጭ ለብሰው ከበራቸው ሲወጡ አገኘቻቸው። ወረቀቱን ሰጧት፤ ግን ሳታነብ አለቀቋትም። በቆመችበት፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለቱ ባንኮች የሁለቱን ገንዘብ ንግድ በየሳምንቱ የሚያቻችሉበት አንድ ሂሳብ ይክፈቱ ይላል። የሁለት ሺህ ብሩ ወሰን ከፍ ይበል ይላል። ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ነጋዴዎች በየሦስት ወሩ ተቀምጠው የጎደለውን ይንገሩ ይላል። «ማሻሻያ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ መለመን ነው ጋሼ ቀለመወርቅ? ወይስ መውቀስ?»

«ሁለቱም አይደለም። ልጅሽ ስታድግ ቀሚሷን ትጥይዋለሽ ወይስ ጠርዙን ፈትተሽ ታስረዝሚዋለሽ?»

«አስረዝመዋለሁ።»

«ይኸው ነው። ይህ ገበያ ጠቦታል እንጂ አላለቀም። ሂጂ፣ እንዳይዘጉብሽ።»

ቢሮው ስታዲየም አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስትወጣ የወረቀቱ ጫፍ በላብ እንዳይበላሽ በነጠላዋ ይዛዋለች። ጉዳዩን የሚቀበሉት አቶ ሊካሳ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያነቡ፣ እጅጌያቸው በካርቦን የጠቆረ፣ ባለጉዳይ ሲገባ ወንበር የሚስቡ ሰው። ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ አንድ ቦታ ላይ ተመልሰው ደገሙት።

«ይህን የጻፈው ሰው ሥራውን ያውቃል» አሉ። «እኛም ውስጥ እንዲህ የሚያስቡ አሉ። በእውነቱ ለበላይ አካል ቢቀርብ ደስ ይለኛል።»

የመብርሂት ልብ ከፍ አለ። ከዚያ አቶ ሊካሳ ገጹን ገልብጠው የአውራ ጣቶቹን ረድፍ አዩ። ሠላሳ አንድ ሐምራዊ ነጠብጣብ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

ነጋዴዎች መሆናቸውን ነገረቻቸው። እሳቸውም በትዕግሥት አስረዷት። ጣት ብቻውን ሰው አይሆንም፤ ማን እንደጠየቀ ካልታወቀ ለማን ነው የሚፈቀደው? የስም ዝርዝር ያስፈልጋል። ከመሳቢያቸው ባለ አራት ዓምድ ቅጽ አወጡ፤ ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ የትውልድ ቦታና አገር፣ የያዙት መታወቂያ። ሠላሳ አንዱም ተሞልቶ ከምሳ በኋላ ከመጣ፣ በዚያው ሰዓት መዝግበው ቁጥር እንደሚሰጧት ቃል ገቡላት። ሲሸኟት ከራሳቸው ጠረጴዛ አንሥተው ሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ ሰጧት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሩጫ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ ከጉልት ጉልት፣ ከግቢ ግቢ ዞረች፤ ቅጹን የሰፌድ ጀርባ ላይ፣ የሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ አንዴም የወይኒ ጀርባ ላይ አስደግፋ ጻፈች። በመጀመሪያው መስመር የባሏን ስም አሰፈረች፤ «መ»ውን ሁለት ጊዜ አይታ፣ «ቀ»ውን አሳምራ። ሰገነይቲ፣ ኤርትራ። መታወቂያ፣ በሰማንያ አምስት ለሕዝበ ውሳኔው ያወጣው ካርድ። ካርዱ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ከዳናይት የክርስትና ፎቶ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድ እንደ ሠርግ ነበር። እሷ ወባ ጥሏት ቀረች፤ የሚሄዱትን በመስኮት አይታለች።

ሴቶቹ ሁሉንም ነገሯት፤ ማን ምን ያህል ጊዜ ስሙ ሲጻፍ አይቷል? ወይኒ የራሷን ስም በሰማያዊ ቀለም ስታይ አፏን ይዛ ሳቀች። «ይህ ነው እኔ?» አለች። «እንዲህ ቀጭን ነኝ?»

ኦሎምፒያ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። አቶ ተስፋማርያም ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ከአስመራ የመጣ ባለማሰሪያ ጫማ በጨርቅ ይወለውላሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ኦሎምፒያ ላይ ይህ ሁሉ ካፌ ሳይኖር ነው ሱቁን የከፈቱት። ቅጹን ተቀብለው አርቀው አዩት። ስማቸውን በራሳቸው እጅ፣ ሳይንቀጠቀጡ ጻፉ። የቤት ቁጥራቸውን ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደኑ።

«ሁለት ቦታ ይቀርዎታል፣ አያ ተስፋማርያም።»

«ተዪው፣ ጓለይ» አሏት። ጓለይ ሲሏት፣ ልጄ ሲሏት፣ ድምፃቸው እንደ አባቷ ነው። «የሚጫነው ጫማዬና በርበሬዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። የት እንደተወለድኩ ለመንገዱ ምን ያደርግለታል?»

«ካልተሞላ አይቀበሉኝማ።»

«ካልተቀበሉሽ ተመልሰሽ ትመጫለሽ።» ጫማውን አንሥተው በብርሃኑ ላይ አገላበጡት። «እኔ የአራት መንግሥት ቅጽ ሞልቻለሁ። አንዱም ቅጹን መልሶልኝ አያውቅም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብላ ትጠይቃቸው ነበር። ዛሬ ግን ሰዓቱ በጀርባዋ ይሮጣል። በዓይነ ሕሊናዋ ሰማያዊው ሻንጣ ይታያታል፤ ኤንትሬዋ ደሴን አልፋ፣ መቀሌን አልፋ፣ በአባቷ ሻይ ቤት ደጃፍ በኩል ስትሻገር፣ ዳናይት እግሯን በመስኮት አውጥታ ስትሄድ ይታያታል። ቅጹን አጥፋ ወጣች።

ስታዲየም ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኮሪደሩ በባለጉዳይ ሞልቷል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦታ አግኝታ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና እንደ ተማሪ ከላይ እስከ ታች ተቆጣጠረችው። በአሥራ ሰባተኛው መስመር ሁለት ባዶ ሳጥኖች እንደ ወለቀ ጥርስ ያዩዋታል።

ተመልሶ ኦሎምፒያ ለመሄድ ጊዜ የለም። አቶ ሊካሳ ቅጹን ገልጠው «ይህ ጎድሏል» ሲሉ፣ ሠላሳ አንዱም በአንዱ ሰው ምክንያት ሲመለስ፣ ገብረመስቀል ከሻንጣው ዞር ሲል ታያት። ባዶ ቦታ አትተዉ። የማታውቁትን አትጻፉ። እሷ ግን ታውቃለች። የአቶ ተስፋማርያም አገር ሰገነይቲ እንደሆነ፣ ከባሏ አያት ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብሎ መሆኑን ሠርጓ ላይ ሲያወሩ ሰምታለች። በሰማንያ አምስት ነጭ ለብሰው ከገብረመስቀል ጎን ሲሄዱ አይታለች። ሽማግሌው የሰለቹት መጻፍን ነው፤ ዓይናቸው ደክሞ ነው አለች ለራሷ። ልጅ ለአባቱ መጫሚያ እንደሚያስር ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ሞላችላቸው። እጇ አልተሳሳተም።

የቀረው ሠላሳ አንደኛው፣ የራሷ መስመር ነበር። ሰው ስታስቀድም ራሷን ለመጨረሻ ትታዋለች። ስሟን ጻፈች። የቤቷን ቁጥር ጻፈች። በሦስተኛው ዓምድ «ዛላምበሳ» አለችና ቆመች።

ዛላምበሳ የት አገር ነው? የአባቷ ሻይ ቤት ከመንገዱ በዚህ በኩል ነበር፤ እሱን ታውቃለች። እናቷ ግን የወለደቻት በራሷ እናት ቤት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጉድጓድ ማዶ ነው። ያ ቤት በየትኛው በኩል እንደወደቀ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው ጉድጓዱን እንጂ መስመሩን አያይም። እናቷ ሞታለች። የምትጠይቀው ሰው ከዚህ ኮሪደር ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። አንዱን አገር ጽፋ ልትገላገል እስክሪብቶውን አስጠጋች፤ ሁለተኛው ሕግ እጇን ያዛት። የጠዋቱ ተቆጣጣሪ እንደገና ፊቷ የቆመ መሰላት። ነጭ ነው ቢጫ?

«ወይዘሮ መብርሂት!» ብሎ ተላላኪው ከበሩ ተጣራ።

የአገሩን ቦታ ባዶ እንደተወችው፣ መታወቂያውንም ሳትደርስበት ገባች።

አቶ ሊካሳ ዝርዝሩን በጣታቸው እየወረዱ አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ፤ ፊቷ እንደ ተቀጣ ልጅ ሆኗል።

«የርስዎ ብቻ ጎደለ።»

«እርግጠኛ አይደለሁም፤ ጠይቄ መጥቼ እሞላዋለሁ» አለች።

«የሠላሳ ሰው ሞልተው የራስዎን ይተዋሉ?» ብለው ፈገግ አሉ። «ግድ የለም፤ አስተባባሪዋን እኔ አይቻታለሁ። ጽሑፉ የማነው?»

«የእኔ ነው።»

«የእጅ ጽሕፈትዎ ቆንጆ ነው።»

ማኅተሙን ተነፈሱበትና መቱት። ቁጥሩን በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን ሰጧት። ደረጃውን ስትወርድ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሕይወቷ የጻፈችው ነገር መንግሥት ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለገሃር ግቢ ስትገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አይቶ፣ ነጩንም ቢጫውንም ሳያወጣ፣ የማመልከቻውን ቁጥር በደብተሩ ገለበጠና በሩ እንዲከፈት በእጁ ምልክት ሰጠ። ገብረመስቀል እንደ ቃሉ በጎማው ላይ ወጥቶ ሻንጣውን ከኬሻዎቹ መካከል አወጣና እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«እንዴት አደረግሽው?»

«ጻፍኩ» አለች።

ዳናይት ከጋቢናው ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጭስ ነው እንዳይባል ጭሱ ከሄደ ቆይቷል። ሻንጣዋን አንሥታ፣ «በቃ፣ ደስ አለሽ?» አለቻት፤ ከፊት ከፊቷ ወደ ታክሲው ሄደች። መብርሂት እንዲህ ዓይነት ቁጣ ደስ ብሏት ተቀበለችው። የተቆጣች ልጅ ቤት ያለች ልጅ ናት።

ሊመሽ ሲል አቶ ቀለመወርቅን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ካዛንቺስ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ቁጥሩን አሳየቻቸው፤ ደስ አላቸው፤ እጇን ጨበጡ። ዝርዝሩን እንዴት እንደሞላች፣ ከራሷ በቀር አንድም ባዶ እንዳልተወች ነገረቻቸው።

«ምን ምን ይጠይቅ ነበር?»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር።

«የተስፋማርያምንም ሞላሽው?»

«እሳቸው ትተውት ነበር። እኔ ግን አውቀው ነበር።»

ውይይት አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። «ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እሷም ያን ዕለት ምስጋና ነበር የመሰላት።

ገብረመስቀል በታኅሣሥ ተመለሰ። አስመራ ላይ ካሳይ ዳናይት በመቅረቷ ቅር ብሎት ነበር፤ ጓደኞቹም ገብረመስቀልን ንግድህን ወደዚህ አምጣ ብለውት ነበር። እሱ ግን «ማመልከቻ አስገብተናል» እያለ ከኪሱ ቁጥሩን ያወጣ ነበር። በጥር «በመታየት ላይ ነው» ተባለ፤ በመጋቢትም እንዲሁ። በግንቦት ዛላምበሳ አካባቢ ተኩስ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ስለ ገበያ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

በሐምሌ፣ ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዎች ግቢውን አንኳኩ። አንደኛው የታይፕ ወረቀት ይዟል። «ገብረመስቀል፣ ሰገነይቲ» ብሎ አነበበና ቀና አለ። መብርሂት አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን ልታይ ሞከረች፤ አሁን ማንበብ ትችላለች። ሰውዬው ግን ወደ ደረቱ አጠፈው። ያ ዝርዝር ስታዲየም ከነበረው መሳቢያ ወጥቶ ይሁን ወይም በሌላ መንገድ ተጽፎ ይሁን፣ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ የነገራት የለም።

ከሠላሳ አንዱ ሰዎች ሃያ ሁለቱ በዚያ ክረምት ኤርትራውያን ናችሁ ተብለው በአውቶቡስ ወደ ኤርትራ ተባርረው ሄዱ። ወይኒ ሄደች። አቶ ተስፋማርያም የሱቃቸውን ቁልፍ ለጎረቤት ካፌ ሰጥተው፣ የወለወሉትን ባለማሰሪያ ጫማ አድርገው ሄዱ። ገብረመስቀል ሄደ። ዳናይት ቀረች፤ በሠላሳ አንደኛው መስመር አገሯ ሳይሞላ የተጻፈችው እናቷም ከእሷ ጋር ቀረች።